ስንጥቁን የተናገሩት ሴትና የደበቀው ባለወፍጮ

አንድ አገረ ገዥ ነበረ። ከሚገዛት ከተማ ዳር፣ ከገደል ሥር፣ መንገደኞች የሚያርፉበት ትልቅ የእንግዳ ማደሪያ ነበር። የማደሪያው ባለቤት ወይዘሮ ውዳላት ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው።

አንድ ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ወይዘሮ ውዳላት ከቤታቸው በላይ ያለው ቋጥኝ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ማውጣቱን አዩ። ሳይውሉ ሳያድሩ ሄደው ለገዥው ነገሩት። ገዥውም አዋቂ ልኮ አስመረመረ። አዋቂው "ዝናብ ሲጠናበት ሊወርድ ይችላል" ስላለ ማደሪያው በአዋጅ ተዘጋ።

"መዘጋቱስ ይዘጋ፤ የሰው ነፍስ ይበልጣል" አሉ ወይዘሮ ውዳላት። "ግን ጌታዬ፣ ክረምቱ እስኪወጣ እኔና ሠራተኞቼ ምን በልተን እንሰንብት?"

የግምጃ ቤቱ ሹም ከገዥው ቀድሞ መለሰ፦ "ቋጥኙን መንግሥት አልሰነጠቀውም! ለተዘጋ ቤት ሁሉ ከከፈልንማ፣ ነገ ገበያ የቀዘቀዘበት ሁሉ 'ግድግዳዬ ተሰነጠቀ' እያለ ይሰለፋል።"

ገዥው ነገሩ እውነት መሰለውና ምንም ሳይሰጥ አሰናበታቸው።

በዚያ ክረምት ቋጥኙ አልወረደም። መስከረም ላይ በባለሙያ ተፈልጦ ተነሣና ማደሪያው እንዲከፈት ተፈቀደ። ነገር ግን ሠራተኞቹ ተበትነው፣ መንገደኞቹም ሌላ ቤት ለምደው ነበር። ወይዘሮ ውዳላት ቤቱን በርካሽ ሸጠው እህታቸው ዘንድ ተጠጉ። የከተማው ሰው ግን "ምን አስለፈለፋት? ዝም ብትል ምን ነበረበት!" አለ።

ይህ ሲባል ከሰሙት አንዱ አየልኝ የተባለ የውሃ ወፍጮ ባለቤት ነበር። በዓመቱ፣ ከወፍጮው በላይ ውሃውን የሚያቁረው ካብ ሆዱን ገፍቶ አገኘው። ጭቃ መረገበት።

"ለገዥው ብንነግርስ?" አለችው ሚስቱ ትብለጥ።

"ወይዘሮ ውዳላትን ረሳሻቸው? እስከ መስከረም ነው፤ እግዜር ያውቃል።"

እግዜር ያውቃል ያለው ካብ ነሐሴ ላይ፣ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ወፍጮ ቤቱን ሞልተውት ሳለ ተደረመሰ። ውሃው አራት ሰው ወሰደ። አንዷ ትብለጥ ነበረች።

አየልኝን አስረው ከገዥው ፊት አቆሙት።

"ካቡ መግፋቱን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ስለምን አልተናገርክም?"

"ጌታዬ፣ ሚስቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ጥፋቱን አይክድም፤ ይፍረዱብኝ። ስለምን አልተናገርክም ካሉኝ ግን፣ ወይዘሮ ውዳላት ተናግረው የሆኑትን አይቼ ነው።"

ገዥው አየልኝን በሕጉ ቀጣው። ከዚያ ወደ ግምጃ ቤቱ ሹም ዞረ። "ቋጥኙን መንግሥት አልሰነጠቀውም ብለኸኝ ነበር። ወይዘሮ ውዳላትስ ሰንጥቀውታል? ቤቱ ሲዘጋ ከአደጋ የዳነው ማን ነበር?"

"መንገደኛው ሁሉ።"

"የከፈለውስ?"

ሹሙ አቀረቀረ። "እሳቸው ብቻ።"

ያን ቀን አዋጅ ወጣ፦ ለሌላው ደህንነት ሲባል ሥራው የተዘጋበት ሰው፣ አደጋው በአዋቂ እስከተረጋገጠ ድረስ፣ እስኪከፍት መተዳደሪያው ከግምጃ ቤት ይሰጠው። አደጋውን በገዛ ቸልተኝነቱ ያመጣ ወይም የደበቀ ግን ቅጣት እንጂ ካሳ አያገኝም።

ገዥው ራሱ ወደ ወይዘሮ ውዳላት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀና ካሳቸውን አቀረበ።

"እኔስ አርጅቻለሁ፤ ያ ቤት ዳግመኛ አይቆምልኝም" አሉ ወይዘሮ ውዳላት። "ያቺን ትብለጥን ግን ስትዳር አውቃታለሁ፤ ሠርጓ ላይ ነበርኩ። ለእሷ ነው ያልደረሳችሁላት።"

ወዳጆቼ፣ ብዙዎች የሚድኑበትን ዋጋ አንድ ሰው ብቻ እንዲሸከም የሚፈርድ አገር፣ ሕዝቡን ዝምታ ያስተምራል፤ የዝምታውንም ዋጋ ሲከፍል የሚኖረው ሁሉም ነው። የአየልኝ ጥፋት የአየልኝ ነው፤ ግን የእሱ ብቻ ነበር ትላላችሁ?