የአስማረ አንዲት ዓይን

በአንድ ወቅት፣ ከእርሻው ይልቅ ድንጋዩ በሚያበላበት አገር፣ አስማረ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። አንድ ዓይኑን ገና በልጅነቱ ኩፍኝ ወስዶበታል። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ የኛ ሰው ግን ትግሉ ከድንጋይ ጋር ነበር። ሚስቱ እንጉዳይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ባሏ የልጁን መልክ ሳያይ እንዳይቀር ነበር ፍርሃቷ ሁሉ።

የፈራችው ደረሰ። ምሳውን ይዛ ስትመጣ፣ ቢተው የሚባለው የሥራ ባልደረባው መዶሻውን መሮው ላይ አሳረፈና ከመሮው ስባሪ ብረት ተፈናጠረ። አስማረ ደህነኛ ዓይኑን ይዞ ቁጭ አለ። ሰው ተሯሯጠ። አንዲት ጎረቤት እንደ አገሩ ልማድ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ፣ በትንፋሿ አሙቃ ዓይኑን ልትጫንለት ጎንበስ አለች።

ቢተው እጇን ያዘ። «አይነካም። ያጎቴ ዓይን የፈሰሰው እንዲህ ሲጫኑት ነው።» የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ቆርጦ፣ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ ደፍቶ አሰረለት። ከዚያ አዝሎት እስከ አስፋልቱ ሄደ። እንጉዳይ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች መንገዱን ሁሉ ቢተውን ረገመችው። ቀስ ብለህ ምታ ስትለው መች ሰምቶ ያውቃል!

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ነርሷ ሲስተር ፈንታነሽ ነበረች። ዓይኑን አየት አድርጋ «ተጭሮ ነው፣ ይድናል» አለችና ቅባት ሰጥታ ሸኘቻቸው። እንጉዳይ እፎይ አለች። መናኸሪያ መኪና ሲጠብቁ ግን ነርሷ ጋወኗን እንደለበሰች፣ እያለከለከች ደረሰች።

«እንባው እንባ አልመስል አለኝ» አለች። «በሉ ተመለሱ።»

ጨለማ ክፍል አስገብታ፣ የላይኛውን የዓይን ቆብ ሳትጫን ገለጥ አደረገች። ቢጫ ቀለም አስነክታ ሰማያዊ መብራት አበራች። ከቆቡ ሥር ከተደበቀች ነጥብ ደማቅ አረንጓዴ ክር ቁልቁል ወረደ። ቀለሙን ደግማ ቀባችው፤ ክሩም ደግሞ ወረደ። የነርሷ ፊት አመድ መሰለ።

«ተበስቷል። ይሄ የሚፈሰው የዓይኑ የውስጥ ውሃ ነው።»

አስማረ እጁን ዘርግቶ ሚስቱን ፈለጋት። «ስሚኝ እንጉዳይ፤ ይቺን ዓይን ያተረፈልኝ ሰው የልጄን ስም ያወጣል። ምያለሁ።»

የዓይን ሐኪሙ ዶክተር ልሳነወርቅ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯቸው ቀዶ ሕክምና ካቆሙ ቆይተዋል። ወደ ትልቁ ከተማ የሚያሻግረውን ድልድይ ደግሞ ጎርፍ ወስዶታል።

«ዶክተር፣ እጅዎ...» አለች እንጉዳይ።

«አውቃለሁ ልጄ። ላበላሸውም እችላለሁ። ዓይኑ ግን ድልድይ እስኪሠራ አይጠብቅም።»

እንጉዳይ የባሏን እጅ ያዘች። «ይስፉት» አለች።

ከፀጉር በቀጠነ ክር ሰፉት። መሀል ላይ እጃቸው ከዳቸው፤ መርፌውን አንስተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደገና ጀመሩ። ፋሻው ሳይፈታ እንጉዳይ ወለደች፤ ሲፈታም አስማረ መጀመሪያ ያየው አራስ ልጁን ነው። አለቀሰ፤ እንጉዳይም ያ እንባ እውነተኛ እንባ መሆኑን ነርሷን አስጠርታ ካላረጋገጠች አላመነችም።

በክርስትናው ድግስ ሦስቱም ስም ይዘው መጡ።

«ካሣ ይባል» አለ ቢተው። «እኔ ባልከለክል ዓይኑ እዚያው ድንጋዩ ላይ ፈሶ ይቀር ነበር።»

«አይቼው ይባል» አለች ፈንታነሽ። «እኔ ባልመልሳቸው ተጭሮ ነው ብሎ ቤቱ ገብቶ ይታወር ነበር።»

«ጽናቱ ይባል» አሉ ዶክተሩ። «ቀዳዳ ማየት ሌላ፣ ቀዳዳ መድፈን ሌላ።»

አስማረ በዚያች ዓይኑ ሚስቱን አያት። «እኔ ሳላይ የሆነውን ሁሉ ያየሽው አንቺ ነሽ። ፍረጂ።»

እንጉዳይ ልጇን ታቅፋ ሦስቱንም አየቻቸው። አንዱ ራሱ መትቶ ራሱ የጠበቀ፣ አንዷ ራሷ ሸኝታ ራሷ የመለሰች፣ አንዱ በሚንቀጠቀጥ እጅ የሰው ዓይን ለመስፋት የደፈሩ። አንዳቸው ቢጎድል ባሏ ዛሬ ይህን ልጅ በእጁ እየዳሰሰ ነበር መልኩን የሚገምተው። ስሙን ልትናገር አፏን ከፈተች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ልጁን ማን ብላ ትጥራው?