ያልተቀበረው አሚቾ

አንድ ሰው ነበረ፤ እንሰት ተክሎ የሚኖር። ጥያቄሽን አልረሳሁትም ልጄ፤ «የጫማ ፋብሪካዬ ያተርፋል፣ ትእዛዝ ሞልቶልኛል፣ ታዲያ ለምን እሰጋለሁ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ በዚህ ሰውዬ ጓሮ ውስጥ ስላለ አትቸኩዪ።

እንሰት ቶሎ የሚደርስ ተክል አይደለም። ዛሬ የተተከለው ቆጮ የሚሆነው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጓሮው ውስጥ ትልቁም መካከለኛውም ትንሹም ጎን ለጎን ይቆማል። ችግኝ ለማግኘት ደግሞ በየዓመቱ አንድ ገና ያልደረሰ እንሰት ይቆረጥና ሥሩ፣ አሚቾ የሚሉት፣ ተቀቅሎ መበላት እየቻለ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ችግኙ የሚበቅለው ከእሱ ነው።

ሰውየው የከተማ ነጋዴ አገኘ። ነጋዴው በመኪና እየመጣ ያለውን ቆጮ ሁሉ ይጭናል፣ ጨምር ይለዋል። አሚቾ የሚቀበርበት ጊዜ ሲደርስ ሰውየው «ደህናውን ምግብ አፈር አላለብስም» አለ። ሚስቱ ደነገጠች።

«ኧረ ተው! ልጆቻችን ነገ ምን ይቆርጣሉ?»

«ጓሮው ሙሉ አይደለም እንዴ? ምን ያስፈራሻል?»

ጓሮው በእርግጥ ሙሉ ነበር፤ ክፋቱም ይሄው ነው። በተከታዩም ዓመት፣ ከዚያ ወዲያም አልቀበረም፤ የጎደለ ነገር ግን ለማንም አልታየም። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ጎረቤቱም አደነቀው። ሚስቱ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጓሮው ዳር ቆማ ትንንሾቹ እንሰቶች ይቆሙበት የነበረውን ባዶ መሬት ታያለች። አንዴ ተቆጥቷታልና ደግማ አልተናገረችም።

አንድ ክረምት ነጋዴው «ለመስቀል እመጣለሁ፣ እንዳታሳፍረኝ» ብሎ ላከበት። ሰውየው መቁረጫ ስለቱን ይዞ ጓሮ ገባ። የደረሰ እንሰት አጣ። እስከ አጥሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፤ ላብ አጠመቀው። ከዚያ የቀሩትን ያልደረሱ ሁሉ ቆረጣቸው። ሚስቱ እጁን ብትይዘውም አልሰማትም።

ለመስቀል ነጋዴው መጣ። ቆጮውን አንስቶ በእጁ ጨመቀው፤ ውሃ ብቻ ወጣ። መኪናውን አዙሮ ሌላ መንደር ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

ሰውየው ከጎረቤት ችግኝ ለመነ፣ አላሳፈሩትም፤ ሰጡት። ችግኙ የሚደርስበትን ዕድሜ ግን የሚሰጠው ጎረቤት ከየት ይምጣ? ልጆቹ የሰው ቆጮ እየበሉ፣ እሱ በየጠዋቱ የችግኞቹን ቁመት በስንዝር ይለካል። እንደ ትናንቱ ናቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ያንቺ የደረሱ እንሰቶች ቆዳ ቆራጮችሽ ናቸው፤ ከአባትሽ ጋር የጀመሩት፣ አሁን መነጽር ካላደረጉ የማያዩት። ትእዛዝ ሲበዛ ለማጅ መቀበል ተውሽ፤ ለማጅ ቆዳ ያበላሻል፣ ሥራ ያዘገያል አልሽ። ይኸው ፋብሪካሽ ሙሉ ነው። ስጋትሽ ከንቱ ስጋት አይደለም ልጄ፤ ያቺ ሴት ጓሮ ዳር ቆማ ያየችውን ነው ያየሽው። ግን እሷም ሰግታ ዝም አለች፤ ስጋቷም ችግኝ አልሆነላትም። ነገ ጠዋት ከእያንዳንዱ ቆራጭ አጠገብ አንድ ለማጅ አስቀምጪ። ቆዳ ያበላሽብሽ፤ ያ የተበላሸው ቆዳ አሚቾሽ ነው።