የአቶ ደምመላሽ መሀረብ

«ሰባብረሽ በጆንያ ክተቺው አልኩሽ፤ ስንቴ ልንገርሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ።

«እኔስ ስንቴ ልመልስልዎት?» አለች የቀን ሠራተኛዋ። «አስቤስቶስ ሲሰበር ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ውኃ ይረጭበት፤ ሳይሰበር በወፍራም ፕላስቲክ ይጠቅለልና በተፈቀደለት ጉድጓድ ይቀበር።»

የፈረሰው መጋዘን የአስቤስቶስ ጣሪያ ክዳን ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ፕላስቲኩና የአፍ መሸፈኛው ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ ያለው አቶ ደምመላሽ ኪስ ውስጥ ነው። እሳቸው ግን መጠቅለሉ ሁለት ቀን ይፈጃል ብለው እምቢ አሉ።

«አቧራ ሰው ገድሎ ያውቃል?» አሉ፣ መሀረባቸውን ከአፍንጫቸው ሳያነሱ። «ካልሰበርሽ ነገ እንዳትመጪ።»

ሴትዮዋ መዶሻውን አነሳች። አቶ ደምመላሽ ፈገግ አሉ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ መዶሻውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ቤት ጠላ እቀዳለሁ። የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስና ነው ለእንግዳ የሚሰጠው፤ መርዝ እንደሌለበት እንዲታወቅ። ዛሬ ቀጂው እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያዋን ሰብረው ይቅመሱልን፤ መሀረቡን እኔ እይዝልዎታለሁ።»

አቶ ደምመላሽ መዶሻውን አዩ፤ ክምሩንም አዩ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ።