የቀጠሮ ሰሞን ጾም

አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሽማግሌ ነበረ። በአገሩ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ በሐሰት የመሰከረን ፊት ለፊት የሚገሥጽ፣ የተከበረ ሰው ነው።

ይህ ሰው የጤና ጣቢያ ቀጠሮው ሲቃረብ ጣፋጩን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ይተውና በጎመን ይሰነብታል። በተለካ ቁጥር ስኳሩ ልክ ይሆናል። ነርሷም ሌሎቹ ሕመምተኞች ፊት አቁማው «እንደ እሳቸው ሁኑ» ትላለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ይቀበላል። ከቀጠሮው መልስ ግን እርቅ ባወረደበት ቤት ሁሉ ብርዝ ይቀርብለታል። እንቢ ማለት ነውር ይመስለዋል፤ ደግሞም ይጥመዋል።

አብራው የምትኖረው ልጁ ይህን አታውቅም። አባቷ ብቻውን እንዳይከፋው ብላ እሷም ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣ ነበር።

ውሎ አድሮ የእግሩ ጣት ቆሰለና አልድን አለ። ነርሷ ግራ ገብቷት ሆስፒታል ወዳለው የስኳር ክሊኒክ ሪፈር ጻፈችለት። ለዚያም እንደ ልማዱ ሆዱን አስርቦ ከልጁ ጋር ሄደ። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ጠራቸው።

«አባቴ፣ የዛሬው ስኳርዎ ደህና ነው። ይኼኛው ምርመራ ግን ያለፉትን ሦስት ወራት ያሳያል፤ በጣም ከፍ ብሎ ነው የከረመው። እንዲህ ከቀጠለ ጣትዎን እናጣዋለን።»

ልጁ ብድግ አለች። «ማሽናችሁ ተበላሽቶ ነዋ! አባቴን አገር ያውቃቸዋል። እሳቸው አይዋሹም!»

ስንቱን ሐሰተኛ ያሳፈረ ሰው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዝም ቢል ልጁ ታምንለታለች፤ ጣቱ ግን ይሄዳል።

«ተይ ልጄ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ማሽኑ ልክ ነው። እኔ የምጠነቀቀው ለቀጠሮ ሰሞን ብቻ ነው። በየእርቁ ቤት ብርዝ ስጠጣ ነው የከረምኩት።»

ሐኪሙ ሕክምናውን የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሲወጡ ልጁ እንደ ወትሮዋ ክንዱን ደገፈችው፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አንተም ልጄ፣ «ንስሐ አባቴ ቤቴን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ከሚስቴ እታረቃለሁ፣ ሲሄዱ እንኳረፋለን፤ ይህ እርቅ ይቆጠርልኛል ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ንስሐ አባትህ የሚያዩት የዕለቱን ነው። የከረመውን የምታውቀው ሚስትህ ናት፤ እሷን ጠይቃት። ምን እንደምትልህ ስለምታውቅ ነው እኔ ዘንድ የመጣኸው።