ያልተቀመሰው ቅል

ከተራራ ወገብ ላይ አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። ስሟን አንጠራውም፤ ከተጠራ ያገሩ ሰው ሁሉ «የኛ ናት» እያለ ሊጣላ ነው። በዚያች ከተማ፣ ከመስጂዱ ግርጌ፣ ሼኽ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ጧት ጧት ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ፣ የቀረውን ቀን ከጓሯቸው አይጠፉም። ለማስቀራታቸው ከማንም ምንም አይቀበሉም፤ የሚያድሩት ቅል በእህል እየለወጡ ነበር።

ዛሬ ፕላስቲኩ መጣና ቅልን የሚያውቅ ጠፋ እንጂ፣ ያኔ ቅል የቤት ግማሽ ነበር። ወተቱ የሚረጋው በቅል፣ የሚገፋው በቅል፣ ለረመዳን የሚቀመጠው ቅቤ በቅል። ሼኽ ጦይብ ቅሉን ባጥራቸው ላይ ያሳድጉታል፤ ገና ለጋ ሳለ አንገቱን በልጥ አስረው ያቀጥኑታል፣ ከሥሩ ጭድ ይጎዘጉዙለታል። ሲደርስ ቆርጠው አፉን ይከፍታሉ፣ ውሃ ሞልተው ሆዱ እስኪበሰብስ ያቆዩታል፣ በጠጠር እያንቀጫቀጩ ያጥቡታል፣ በመጨረሻ በወይራ ያጥኑታል። ክዳኑን ሚስታቸው መኪያ ከአክርማ ትሰፋለች፣ በቀይና በአረንጓዴ አለላ ታስጌጠዋለች። የመኪያን ክዳን ከሩቅ አይቶ የማይለይ ሰው አልነበረም።

ያ ቤት እንዴት ያለ ቤት ነበር! በርበሬው በሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተጎንጉኖ ከማገር ተንጠልጥሎ፣ በኮሰረት የተነጠረው ቅቤ ሽታው ከበር ይቀበላል። ለሰላምታ ጎራ ያለ እንኳ ባዶ እጁን አይወጣም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ አንዲት ዱባ ታቅፎ ይሄዳል።

በዚያች ከተማ ሙሽራ ስትዳር አንድ አዲስ ቅል ይዛ ትገባለች። በዚያ ቅል የመጀመሪያዋን ቅቤ አውጥታ ለአማቷ ታቀርባለች፤ አማትየዋ ቀምሳ፣ ከወደደችው ከአናቷ ላይ ታደርገዋለች። ያኔ ሙሽራዪቱ «እጀ በረካ» ትባላለች። ቅቤው ከተነወረ ግን... አላህ አያምጣው ነው።

አንድ ጧት መኪያ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ መጣች። ከውሃው ይልቅ የከበዳት ወሬው ነበር። ሼኽ ጦይብ የጎመን መደብ እየኮተኮቱ ነው።

«ሰሙ ሼኼ? የእመት ዙበይዳ ምራት ቅቤዋ መረረ!»

«ምን ማለት ነው መረረ?»

«መረረ ነዋ! እንደ ሬት። ሦስት ጊዜ ገፋች፣ ሦስቴም መረረ። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ጓዟን አስይዘው ሊሰዷት ነው አሉ።»

መኪያ ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር፤ መደበቅ ምን ያደርጋል። የምንጭ ወሬ ሲያወሩት ይጣፍጣል። ሙሽራዪቱ ነኢማ ግን እናት አባት የሌላት የቲም ነበረች። ያሳደገቻት አክስቷ ስድስት ልጆች በአንዲት ጎጆ ይዛ የምትኖር ናት፤ ያቺ «እጇ በረካ የለውም» ተብላ የተመለሰች ልጅ ደግሞ በዚያ አገር ሁለተኛ ጠያቂ አታገኝም። ባሏ ሙህዲን ደግ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትናገር ግን ድምፁ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

«ቅሉ የማን ነው?» አሉ ሼኽ ጦይብ።

«የማን ይሆናል፣ የኛ ነው እንጂ! ለዚያ እኮ ነው ሰው ሁሉ የፈረደባት። የሼኽ ጦይብ ቅል መሮ አያውቅም፣ እጇ ነው እንጂ አሉ።» አገጯን ቀና አድርጋ ነው የተናገረችው።

«የቱ ቅል? ክዳኑ እንዴት ያለ ነው?»

«ሦስት ቀይ ዙር ያለው ነዋ። ጃርቱ የገባብን ጊዜ ካወረዷቸው ካሥራ አንዱ።»

ሼኽ ጦይብ መኮትኮቻውን ከመሬት አስቀመጡት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሐሙስ ነበር» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣፋጩና መራራው ቅል በመልክ አይለይም። ስለዚህ ቆራጩ አፉን ሲከፍተው የምላሱን ጫፍ ያስነካና እትፍ ይላል። መራራው ለዘር ማስቀመጫ ይሆናል፤ ለወተት ሐራም የሆነ ያህል ነው። ሼኽ ጦይብ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ ይፆማሉ።

«ፆመኛ ነበርኩ መኪያ። ጃርቱ እንዳይጨርሰው ቸኩዬ ቆረጥኩት። ፆሜን እንዳይነካብኝ ብዬ ምላሴን አላስነካሁም። የአባቴ ዘር ነው፣ መሮ አያውቅም ብዬ ውሃ ሞላሁበት።»

መኪያ ፈገግታዋ ጠፋ። ከመደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ይሄን ካንቱና ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ሌላ ቅል ይላኩላትና በዚህ ሞክሪ ይበሏት። በሰው ፊት ሳልቀምስ ሰጠሁ ካሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ደጃችን ይመጣል? ሠላሳ ዓመት የተሠራ ስም እኮ ነው!»

«ስማችን ነው እኮ የመሰከረባት» አሉ ሼኽ ጦይብ። «በሐሰት።»

እጃቸውን ታጥበው ተነሡና፣ «ያንቺን ቅል ስጪኝ» አሏት።

የመኪያ ቅል ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ የሚኖር፣ ሲያገቧት የሠሩላት ነበር። ከጢስና ከቅቤ ብዛት ጠቁሮ ያበራል። አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በጅማት ሰፍታዋለች። እሱን እንኳን ጎረቤት፣ የወለደቻት ልጇም ነክታው አታውቅም። መኪያ ብዙ ቆመች። ከዚያ አወረደችው። «እኔው እይዘዋለሁ» አለች፤ ሼኹን አላመነቻቸውም፣ ይጥሉታል ብላ።

እመት ዙበይዳ ደጅ ሲደርሱ ሴቱ ተሰብስቧል። አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዷ እሳት ልትጭር፣ አንዷ ዶሮዋ ጠፍታባት፤ ምክንያት መቼ ይጠፋል። ነኢማ ከበሩ አጠገብ ጓዟ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች።

«መርሐባ ሼኼ» አለች ዙበይዳ። «ለሽምግልና ከሆነ ደክመዋል፤ ነገሩ አልቋል።»

«ለሽምግልና አይደለም እመት ዙበይዳ። ተከሳሹ እኔ ነኝ።»

ነኢማ የገፋችበትን ቅል አስመጡ። ጥቂት ውሃ አድርገው አንቀጨቀጩበትና በጣታቸው ቀመሱ። እትፍ አሉ። ለዙበይዳም አቀረቡላት።

«እኔን ምን አደከመኝ!» አለች፤ ግን ሰው ያያታልና ቀመሰች። ፊቷ እንደ አሮጌ ሎሚ ተጨማደደ። ባለወንፊቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይሄማ እሷ ያመረረችው ነው!» አለች ዙበይዳ። «አንቱ ጋ መቼ መሮ ያውቃል?»

«ወላሂ ሳልቀምሰው ነው የሰጠሁት። ፆመኛ ነበርኩ። ቅሉ ከተቆረጠ ጀምሮ መራራ ነው። የዚች ልጅ እጅ የለበትም፤ የእኔ እጅ ነው።»

ወንፊቷም፣ እሳቷም፣ ዶሮዋም ተረሱ። ከኋላ አንዷ «ሱብሓነላህ» አለች። የሼኽ ጦይብን ጥፋት ከሼኽ ጦይብ አፍ የሰማ ከዚያ በፊት አልነበረም።

«እርጎ ተርፏል?» አሉ።

ተርፏል። መኪያ ቅሏን ለነኢማ ሰጠቻት። ከጎኗም ተቀመጠች፤ ጠፍሩን ያዘችላት። «ቀስ በይ የኔ ልጅ» አለቻት በጆሮዋ። «ይሄ ቅል ችኮላ አይወድም። እኔንም ስንቴ አስለቅሶኛል መሰለሽ።» ነኢማ ከዕንባዋ መሀል ፈገግ አለች።

ገፋች፣ ገፋች። መጀመሪያ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ኋላ ወፈረ፣ ዶብ ዶብ አለ። ቅቤው ወጣ። ነኢማ በቅጠል አድርጋ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ ለአማቷ አቀረበች።

ዙበይዳ ቀመሰች። ዋጠች። እንደገና ቀመሰች። ሰው ሁሉ አፏን አፏን ያያል። የቀረውን አንሥታ ከአናቷ ላይ አደረገችው።

«ጓዟን አግቡት እንጂ» አለች፣ «ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጠዋል።»

ዙበይዳ ይቅርታ የሚባል ቃል እስከ ዕለተ ሞቷ አልወጣትም ይላሉ፤ ለዚያ ቃል የቀረበችው ያን ቀን ነው። ነኢማ ቅሉን አጥባ ለመኪያ ልትመልስ ስትል መኪያ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። «ካንቺ ዘንድ ይቆይ» አለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት፣ አንዴ ከወገቧ አንዴ ከደረቷ ታደርጋቸው ነበር።

ሼኽ ጦይብ በዚያው ቀን የቀሩትን አሥር ቅሎች በየቤቱ እየዞሩ ቀመሷቸው። ገና ወተት ካልገባባቸው ሁለቱ መራራ ሆኑ፤ እዚያው በድንጋይ ሰበሯቸው። በዚያ ዓመት ቅል የሚለውጣቸው ሰው ቀነሰ። መኪያም የፈራችው አልቀረም፤ ጎመንና ዱባ እየቀቀሉ ከረሙ።

አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ አንድ ጎረቤት ጠየቃቸው። «ሼኼ፣ ለፆመኛ ሳይውጥ መቅመስ ሲቸግር ይፈቀዳል ብለው ለሴቶቹ ያስተማሩት አንቱ አይደሉም ወይ?»

«ነኝ» አሉ። «ለእናንተ ያስተማርኩትን ለራሴ አሳነስኩት። ከታዘዝኩት በላይ ልጠነቀቅ ብዬ የታዘዝኩትን ጣልኩ። የሰው ሐቅ መጠበቅ ታዝዤ ነበር።» ከዚያም፣ «ከኔ ምላስ የሸሸው መራራ ሄዶ የየቲም ምላስ ላይ አረፈ» አሉ።

ይህን ያሉት ፆምን ለማቃለል እንዳይመስል። እስኪሞቱ ሰኞንና ሐሙስን አልተዉም። ነገሩ ሌላ ነው። ሰው ዒባዳውን፣ ለአላህ የሚያደርገውን አምልኮ፣ ሲያሳምር፣ አንዳንዴ ድካሙ ሳያውቀው በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ያርፋል። አንዱ በሌሊት ሶላቱ ይመካል፣ ጧት በእንቅልፍ እጦቱ የሚገላመጡት ቤተሰቦቹ ናቸው። አንዷ ሰደቃዋን ታበዛለች፣ የምትሰጠው ግን ከልጆቿ ጉሮሮ የነጠቀችውን ነው። አላህ ከእኛ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን አይመስልም።

ደግሞ መልካም ስም ያለው ሰው ይፍራ። ስማችን ከፍ ባለ ቁጥር፣ ጥፋታችን ሲመጣ የሚወድቀው ስም የሌለው ሰው ላይ ነው። ያን ጊዜ ቤት ተቀምጦ «አላህ ያውቃል» ማለት ቀላል ነው። አላህማ ያውቃል። የማያውቁት እመት ዙበይዳና ሰፈሩ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ሄዶ «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያኔ እንዲህ ያለ ሰው ከመስጂድ ግርጌ ይኖር ነበር፤ በሩም ለማንም ክፍት ነበር።