አንጓች ያለቀሰችለት ረጅሙ ልጅ

ጥንት ነው፤ ያ ጥንት ራሱ «ድሮ» እያለ የሚያወራው ነገር በነበረው ጊዜ። ዝግብ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል አልቃሽ ነበረች። መሬት የላት፣ በሬ የላት፤ ያላት አፏ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ትጠራለች፣ ግጥም እየደረደረች ታስለቅሳለች፣ እህል ተሰፍሮላት ወደ ቤቷ ትገባለች።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ሙጬ። ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወጥቶ ቀረ። ነጋዴዎቹ ተመለሱ፤ እሱ የለም። አንዱ ታሟል አለ፣ አንዱ አግብቷል አለ፣ አንዱማ እንዲህ ያለ ልጅ መች አብሮን ነበር አለ። መርዶ ያልመጣለት ሰው ደግሞ አይለቀስለትም፤ ሟርት ነው። ስለዚህ አንጓች የአገሩን ሙት ሁሉ እያለቀሰች የራሷን ዋጥ አድርጋ ኖረች ይላሉ። እኔ ዋጠችው መባሉን አላምንም። ስሙና ፍረዱ።

አያ ፈንታ ሞቱ። ጥርሳቸውን ሰው አይቶት የማያውቅ ኮስታራ ሽማግሌ ነበሩ። አንጓች ቆመች፤

ሳቁ ቀድሞት ይገባ ነበረ ከደጅ፣
ዛሬ ዝም ብሎ ተኛ የእናቱ ልጅ።

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የማን ሳቅ? ሚስትየው ግን «ለካስ ቆላ እየወረደ ነበር የሚስቀው» ብለው፣ በንዴት ይሁን በሐዘን ሳይለይ፣ ባሰባቸው።

እሜቴ ላቀች ሞቱ። ሲፈትሉ ኖረው ሲፈትሉ ያረጁ ሴት ናቸው። አንጓች ቆመች፤ ዋሽንቱን ማን ያነሳዋል፣ ከብቱን ማን ይመልሰዋል አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አማቴ መቼ ነው ዋሽንት የነፉት?» አለ የልጃቸው ባል።

ሽማግሎች አስጠሯት። «ማንን ነው የምታለቅሺው?» አሏት።

«የሞተውን።»

«የቱን የሞተ?»

«እኔ ምን አውቄ። አፌን ስከፍት የሚመጣው ልጄ ነው። አፌን ብዘጋ ደግሞ ማን ያበላኛል?»

ሽማግሎቹ ግራ ተጋቡ። ቢከለክሏት መንደሩ ሙቱን በዝምታ ሊቀብር ነው። ቢፈቅዱላት ሟርት ነው። ስሙን አትጥሪ እንጂ አልቅሺ ብለው ፈረዱ። መፍረዳቸው መሆኑ ነው።

ስሙ ተከለከለ፤ ልጁ ግን አደገ። ግዙፍ ሰው ሲሞት ከቁመቱ ወሰደ፣ አዳኝ ሲሞት ከጀግንነቱ ወሰደ። በግጥሟ ጊደር ተሸክሞ የሞላ ወንዝ ተሻገረ። አይተውት የማያውቁ ልጃገረዶች አፈቀሩት።

ዘመን አለፈ። አንድ ቀን ለቅሶ መሃል አንድ አጭር፣ ራሱ የተመለጠ ሰው አህያ እየነዳ ደረሰ። ቆሞ ሰማ። «እማ፣ ሙጬ ነኝ» አለ።

ሰው ተቆጣ። «ሙጬ ዋርካ ያህላል። አንተን ከነአህያህ ብብቱ ውስጥ ይዞ ነበር የሚሻገር» አሉት።

«እኔ እንኳ ውሃ እፈራለሁ» አለ ሰውየው።

ይባረር አሉ። ሽማግሎቹ ወደ አንጓች ዞሩ፤ ልጄ ነው ካለች ይገባል፣ አይደለም ካለች በመጣበት ይሄዳል። አንጓች ግን እያየችው ጠፋባት። የልጇን ፊት ስትፈልግ የሚመጣላት የሙታኑ ፊት ሆነ። የቱ ቁመት የእሱ ነበር፣ የቱ ከሰው የተወሰደ? የወለደችውን ስታለቅስ ስታለቅስ ሌላ ወልዳለች።

«አንተን አላውቅህም» አለችው በመጨረሻ። «ያኛውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። መርዶውን ይዘህልኝ መጥተሃል። እሱ ሳይለቀስ አንተ ቤቴ አትገባም።»

ያን ጊዜ ስሙን ጠርታ፣ ሙጬ ብላ፣ አለቀሰች። የከለከላት የለም። አጭሩም ሰው አህያውን ለቆ አብሯት አለቀሰ፤ እንደዚያ ያለውን ሰው መሆን ማን ይጠላል። ሲወጣላት እንባዋን ጠረገች፣ እልል አለች፣ እጁን ይዛ አስገባችው።

ልጇ ነበር? እኔን አትጠይቁኝ። ሲጨቃጨቁ እናትና ልጅ ይመስሉ ነበር ይባላል፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለው ይንገረኝ።

እስከ ዛሬ ዝግብ አፋፍ ሰው ከሩቅ አገር ሲመለስ መጀመሪያ በሩ ላይ አቁመው ያለቅሱበታል፤ እልልታው ከዚያ በኋላ ነው። መንገደኛ ግራ ገብቶት ይቆማል።

«ማን ሞቶ ነው?» ይላል።

«የሄደው።»

«እልልታውስ ለማን ነው?»

«ለመጣው» ይሉታል።