አርባ ስምንት ያለችው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ወሎ ውስጥ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ፣ ሉባባ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች አሉ። አባቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እናቷ ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው፤ ስትናገርም ቃሉ እየተጎተተ ስለሚወጣ ሰፈሩ «ይቺ ልጅ ትምህርት አይገባትም» ብሎ ፈርዶባታል።

መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ግን ዶቃ አገኘች። በዚያ ትምህርት ቤት ቁጥር የሚማሩት በእጅ ነው። ሰባት ነጭ ዶቃዎች በሽቦ ይሰኩና አንድ ዘንግ ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ ሰባት ዘንጎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ቁመቱም ወርዱም እኩል የሆነ ካሬ ይወጣል፤ አንድ በአንድ ቢቆጥሩት አርባ ዘጠኝ ነው። ሌሎቹ ልጆች መልሱን በዜማ ሸምድደውታል። ሉባባ ግን ጣቷን ከዶቃ ወደ ዶቃ እያሻገረች ትቆጥራለች፤ ስትጨርስ ቃሉ ሳይጎተት ይወጣላታል።

ይህን በትዕግሥት ያስተማረቻት ቲቸር ፈትለ ናት። የወላጆች በዓል ሲደርስም የሰባትን ካሬ ለሕዝቡ እንድታሳይ ከልጆቹ ሁሉ እሷን መረጠቻት። «የሰፈሩን አፍ የምትዘጋው ራሷ ናት» አለች።

በበዓሉ ጠዋት ረዳት መምህሯ መዲና ዕቃውን ስትወለውል አንዱ ዘንግ አመለጣት። ጫፉ ተፈታ፤ አንድ ዶቃም ተሰነጠቀ። ሌላ ነጭ ዶቃ ብትፈልግ አጣች። እንግዶች ለበዓሉ ወደ ተጣለው ዳስ መግባት ጀምረዋል። ሽቦውን በስድስት ዶቃ ብቻ ጠምዝዛ ዘጋችውና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው። «በዚህ ግርግር ማን ይቆጥረዋል?» አለች በልቧ።

ሉባባ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ዘንጎቹን ደረደረች። የመጨረሻው ከጎኑ ካለው ጋር አልስተካከል አላት፤ ወደ ላይ ገፋችው፣ ወደ ታች ሳበችው። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ዳሱ ሙሉ ሰው ይጠብቃል።

«ስንት ሆነ ሉባባ?» አለቻት ቲቸር ፈትለ።

«አርባ ስምንት።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

«ረጋ በይና እንደገና ቁጠሪ።»

እንደገና ቆጠረች። «አርባ ስምንት።»

አሁን ሁሉም ሳቀ። የፈትለ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። «ስንቴ ያስተማርኩሽን! አንቺ ሰነፍ፣ ተነሺ!» ብላ ክንዷን ይዛ አስነሣቻትና ሌላ ልጅ አስቀመጠች። ያ ልጅ ዶቃውን ሳይነካ «አርባ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ። ዳሱ በጭብጨባ ተናጋ።

ርእሰ መምህሩ አቶ ይመር ከፊት ለፊት፣ ምንጣፉ አጠገብ ነበር የተቀመጡት። አጭሯን ዘንግ አይተዋል። እንግዳ ፊት ጉድ ከሚወጣ ብለው ዐይናቸውን ሰበሩና ከሰው ጋር አጨበጨቡ።

ወይዘሮ ዘሀራ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ልጃቸውን እየጎተቱ ወጡ። መንገድ ላይ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሏት።

«ቆጥሬ እኮ ነው፣ እማ» አለች ልጅቱ።

እሳቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሉባባ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። መቁጠርም ተወች። እናቷ «ስንት ሽንኩርት ቀረን?» ሲሏት ቀና ብላ ታያቸውና «ስንት ልበል?» ትላለች። ወይዘሮ ዘሀራ መጀመሪያ ተቆጡ። ሲደጋገም ግን ያቺ ጥያቄ አንጀታቸውን በላችው፤ ሽንኩርት ማስቆጠርም ፈሩ።

ትምህርት ተዘግቶ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ዕለት ወላጆች በሙሉ በተሰበሰቡበት መዲና ብድግ አለች። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልጠረጠራትም። «አንዱ ዘንግ ዶቃ ጎድሎት ነበር። የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ። ልጅቱ ልክ ነበረች» አለች። ጉባኤው አጉረመረመ። «ልጆቻችንን ለዚች ነው የሰጠነው?» ያሉ እናቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ሲያይዋት ፊታቸውን ያዞሩባት ጀመር፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሉባባ ግን በዚያ ጉባኤ ስላልነበረች ቃሏን በጆሮዋ አልሰማችም።

ቲቸር ፈትለ ይህን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወዲያው ወጥታ ድንጋይ አንሥታ በትከሻዋ ተሸከመችና በዋናው መንገድ፣ ሰው እያያት፣ የሉባባ ደጃፍ ደረሰች። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ለልጅቱ ተንበረከከች። «ሉባባዬ፣ ሰነፍ ያልኩሽ እኔ ራሴ ሳልቆጥር ነው። ይቅር በይኝ» አለች። ልጅቱ ደንግጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። «እማ፣ ይቅር ልበል?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ዘሀራ «በያ ልጄ» አሏት፤ «ይቅር» አለች። ፈትለ ድንጋዩን አውርዳ አለቀሰች፤ ልጅቱ ይቅር ያለችው ከልቧ እንዳልሆነ፣ በይ ተብላ እንደሆነ ገብቷታል።

አቶ ይመርስ? መዲና በሰው ፊት ስትዋረድም «እኔም አይቻለሁ» አላሉም። ግን በማግስቱ ያንኑ ጎዶሎ ዕቃ ይዘው ወደ እነሉባባ ቤት መጡ፤ ጓሮ መሬት ላይ ተቀምጠው ዘንጎቹን ደረደሩ።

«ስንት ነው?» አሏት።

«ስንት ልበል?»

«እኔ አልነግርሽም። ቁጠሪልኝ።»

አልቆጠረችም። ተነሥተው ሄዱ። በሌላ ቀንም መጡ፤ በሌላም። ክረምቱ ገባ፤ ዝናብ እየመታቸው ይመጣሉ። አንድ ቀን ጣቷ ሳታስበው የመጀመሪያዋን ዶቃ ነካች፤ ቀጠለች፤ ጨረሰች።

«አርባ ስምንት። አንድ ጎድሏል።»

«ጎድሏል» አሉ አቶ ይመር። «ያን ቀንም አይቼው ነበር።»

ሉባባ ትክ ብላ አየቻቸው። «ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አጨበጨቡ?»

አቶ ይመር ዘንጎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመሩ። እሷ ግን የነገሯትን ለእናቷ አወራች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ያገኘችውን ሁሉ ትቆጥር ጀመር።

መስከረም ጠባ። ትምህርት ቤቱ አንደኛ ክፍልን ለሦስት ከፈለው፤ አንዱን ፈትለ፣ አንዱን መዲና፣ መምህር ስላነሰም አንዱን አቶ ይመር ራሳቸው ሊያስተምሩ ነው። ልጁን ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጠው ወላጅ ነው። ወይዘሮ ዘሀራ ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ሦስቱም ደጅ ቆመው አገኟቸው።

«እትዬ ዘሀራ፣» አለች ፈትለ፣ «በአፌ የሰበርኳትን በእጄ ልጠግናት።»

«እኔን ወላጅ ሁሉ ሸሽቶኛል» አለች መዲና። «ግን ከእንግዲህ የጎደለ ነገር ፊቷ አላስቀምጥም።»

አቶ ይመር «እርስዎ ያውቃሉ» ብቻ አሉ፤ ቀና ብለውም አላዩዋቸው።

ወይዘሮ ዘሀራ ልባቸው ተከፈለ። «እኔስ ማን ነኝና እመርጣለሁ? ‹አዋረድሽኝ› ያልኳትን እንኳ ገና ይቅርታ አልጠየቅኳትም» አሉና ፊታቸው ደም መሰለ። ጎረቤት ቢያማክሩ ጎረቤት ተጣላ። አንዱ «ማንም ሳያስገድዳት እውነቱን ላወጣችው፣ ስሟንም ለከፈለችው ለመዲና ይገባል» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ያስተማረቻትም፣ ድንጋይ ተሸክማ ለሕፃን የተንበረከከችውም ፈትለ ናት» ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው «መቁጠር የመለሱላት አቶ ይመር ናቸው» ሲል፣ «እያወቁ ያጨበጨቡትም እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ከሕፃኗ በቀር ለማን ተናገሩ?» ብለው ጮኹበት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም ይባላል።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ እናንተ በወይዘሮ ዘሀራ ቦታ ብትሆኑ፣ የሉባባን እጅ ለማን ትሰጡ ነበር?